ኑዛዜው በቴሌግራም ደረሰን፤ እንክሰስ ወይ?

ጥያቄ፦ «አባታችን አዲስ አበባ ውስጥ ካረፉ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው። አራት ልጆች ነን፤ እናታችን በሕይወት አሉ። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ሁለቱ እህቶቼም ውጭ ናቸው፤ ታናሽ ወንድማችን ከወላጆቻችን ጋር እዚያው ቤት ይኖራል። ሰማንያቸው ካለፈ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ የኑዛዜ ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። በኮምፒዩተር የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው፤ የአባታችን ፊርማና የአራት ምስክሮች ስምና ፊርማ አለበት። ‹መኖሪያ ቤቴን ለእሱ ተናዝዣለሁ፤ ሌሎቹ ልጆቼ ውጭ አገር ስለሆኑ ይህን ቤት አይጠይቁ› ይላል። ካርታው በአባታችን ስም ነው። እህቶቼ ፊርማው የሳቸው አይደለም ብለው ሊከሱ ተነስተዋል። እንክሰስ ወይ? ደግሞስ እኔ ነገ ልጆቼ እንዲህ እንዳይሆኑ ምን ላድርግ? እዚህ ሰው ሁሉ ‹ትረስት አቋቁም› ይለኛል።»

ምላሽ፦

ነፍስ ይማር፤ ለእናትዎም ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

እህቶችዎ የያዙትን የፊርማ ነገር ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። ፊርማው ሐሰት ነው ብሎ የሚነሳ ሰው ወንድሙን በወንጀል ከሰሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ ሰነዱን ለፎረንሲክ ምርመራ ይልካል፣ ማነጻጸሪያ ፊርማ ከባንክና ከመሥሪያ ቤት ይፈለጋል፣ ወራት ይሄዳል። ውጤቱ «ፊርማው የሟች ነው» የሚል ሆኖ ከመጣ ክርክሩም ወንድምነቱም አብረው ይጠፋሉ። እኔ የማየው አብዛኛው የኑዛዜ ክርክር የሚያልቀው በፊርማ አይደለም። ወረቀቱን በጸጥታ ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው በሚያገኘው ነገር ነው። ስለዚህ ፎቶውን አጉልተው ይክፈቱና አብረን እናንብበው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቤቱ የማን ነበር?» የሚለው ነው። ካርታው በአባትዎ ስም መሆኑ ብዙ አያሳስብዎ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 63 መሠረት፣ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አባትዎ ቤቱን ከጋብቻ በፊት ያፈሩት ወይም በውርስ ያገኙት ካልሆነ ግማሹ የእናትዎ ነው። ይህ ግማሽ ውርስ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም የራሳቸው ነው፣ ሰው ደግሞ የሌላውን ሀብት ሊናዘዝ አይችልም። በሌላ በኩል እናትዎ ከአባትዎ ድርሻ ላይ በሕግ የሚወርሱት የለም፤ በእኛ ሕግ የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆንም። ይህን ለቤተሰብ ስነግር ሁልጊዜ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩት። ቤቱን ስምንት ቦታ ይክፈሉት። አራቱ የእናትዎ ነው። ቀሪው አራት የአባትዎ ውርስ ነው። ኑዛዜ ባይኖር ለአራት ልጆች እኩል አንድ አንድ ስምንተኛ ይደርሳል። ኑዛዜው ሙሉ በሙሉ ቢጸና ወንድምዎ አራቱን ይወስዳል። እንግዲህ እናንተ ሦስታችሁ የምትከራከሩት ስለ ሙሉው ቤት ሳይሆን ከስምንት እጁ ስለ ሦስቱ ነው። ወንድምዎም ሙሉ ቤት አላገኘም። ይህን ቁጥር ሁለታችሁም ወገን ካወቃችሁት የነገሩ ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል።

ቀጥሎ የኑዛዜው ሥርዓት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ፣ በቃል የሚደረግ። የቃሉ ኑዛዜ ለቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለልጆች አሳዳሪነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ላልበለጡ ስጦታዎች ብቻ ነው የሚሠራው፤ በ1952 የተጻፈ 500 ብር ነው፣ ዛሬ ማንም አይጣላበትም። ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈው ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይፈልጋል፣ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ መናገር አለበት። የእናንተው በኮምፒዩተር የተጻፈ ስለሆነ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተብሎ ነው የሚመዘነው፣ መለኪያውም ቁጥር 881 ነው።

እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ። ሕጉ አራት ምስክሮች መፈረማቸውን ብቻ አይጠይቅም። ኑዛዜው ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ሰነዱ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ከዚያም ሁሉም ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሕጉ «ፈራሽ ነው» ይላል። ስለዚህ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ፣ ከፊርማዎቹ በላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። «እኛ ምስክሮች ሟች ሲናዘዙ ሰምተናል፣ አይተናል» ብቻ የሚል ከሆነ መነበቡ አልተጠቀሰም ማለት ነው፤ ይህ ለእናንተ ትልቅ ነጥብ ነው። በደንብ የተጻፈ ኑዛዜ የሚዘጋው እንዲህ ነው፦ «ይህ ኑዛዜ እኔ ተናዛዡና ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው አራት ምስክሮች በአንድነት በተገኘንበት ዛሬ በዚህ ቀን ተነብቦልን፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ሁላችንም ወዲያውኑ ፈርመናል።» ሁለት መስመር ናት፤ እሷ በመጉደሏ ግን ስንት ኑዛዜ ወድቋል።

«ወዲያውኑ» የምትለውም ቃል ዋዛ አይደለችም። በአንድ መዝገብ ላይ ሁለቱ ምስክሮች ቅዳሜ በሟች ቤት፣ ሁለቱ ደግሞ በሌላ ቀን በየቤታቸው ወረቀቱ ተወስዶላቸው እንደፈረሙ በመስቀለኛ ጥያቄ ወጣ። አንደኛው ምስክር በቅንነት «ልጁ ነው ያመጣልኝ፣ አባቱን አውቃቸዋለሁ ብዬ ፈረምኩ» አሉ። ሐሰት የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ኑዛዜው ግን በዚያች ቃል አበቃለት። ስለዚህ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ፣ አንዳቸው የወንድምዎ ሚስት ወይም የቅርብ ሰው መሆናቸውንም ይጠይቁ። ኑዛዜው ውልና ማስረጃ ቀርቦ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ሥርዓቱን ማጥቃትም ከባድ ይሆናል። ጥግ ላይ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ካለ ይንገሩኝ።

ሥርዓቱ ሁሉ ተሟልቶ ቢገኝስ? ያኔ ይዘቱን እናያለን። «ይህን ቤት አይጠይቁ» ማለት «ከውርስ ነቅያቸዋለሁ» ማለት አይደለም። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በግልጽ ነው፣ ምክንያቱም ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ ቁጥር 938። ተናዛዡ «ታምሜ ሳለሁ ጥሎኝ ሄደ» ብሎ ከጻፈ የተናገረው እውነት ነው ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ምክንያት ለመንቀል ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ግን ፍርድ ቤት ይመዝናል። ውጭ አገር መኖር፣ በእኔ እይታ፣ ደካማ ምክንያት ነው፤ ውጭ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን የሚገዛውና ለቤቱ ጣሪያ ገንዘብ የሚልከው እሱ ነው። የላካችሁበትን ደረሰኝ አሰባስቡ።

ካልተነቀላችሁ ደግሞ ወራሽ እንደሆናችሁ ናችሁ። ተናዛዥ ለአንዱ ወራሹ አንድ ንብረት ለይቶ ሲሰጥ፣ ሌላ ሐሳብ እንደነበረው ካልታየ በቀር፣ ሕጉ ይህን እንደ ውርስ አከፋፈል ደንብ እንጂ ከድርሻ በላይ እንደተሰጠ ምርቃት አያየውም። ቤቱ ለወንድምዎ ይድረሰው፣ ግን ከድርሻው ይታሰብበት እንደማለት ነው። ተወላጅ (ልጅ ወይም የልጅ ልጅ) የሆነ ወራሽ በእንዲህ ያለ ድልድል ከሚደርሰው ከሩብ በላይ ከተጎዳ መቃወም ይችላል። ከቤቱ ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት ከሌለ የእናንተ ጉዳት ከሩብ አልፎ ሙሉ ነው። የወንድምዎ ጠበቃ «አባት ሆን ብለው አብልጠው የሰጡት ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ መልሱ በወረቀቱ ቃላት ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

አሁን ስለ ጊዜ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ኑዛዜን ለመቃወም የሚፈልግ ሰው ኑዛዜው ከተነበበበት ወይም ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን ለውርስ አጣሪው (ውርሱን ለሚለየውና ለሚያስተዳድረው ሰው) ማስታወቅ አለበት፤ ክሱን ደግሞ ከዚያ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ (ቁጥር 973 እና 974)። የ15 ቀኑ ቆጠራ በቴሌግራም በደረሰ ፎቶ ይጀምራል ወይ? ጠበቃ ሁሉ የሚከራከርበት ነው። እርስዎ ግን ለክርክር አይተዉት፤ በጠባቡ ስሌት ይሂዱና በዚህ ሳምንት «ኑዛዜውን እንቃወማለን» የሚል አጭር ደብዳቤ በሦስታችሁ ስም ለወንድምዎ፣ አጣሪ ካለም ለአጣሪው ይድረስ። ስድብ የሌለበት፣ አምስት መስመር። የወራሽነት መብትን መጠየቂያው ሌላ ይርጋ (የጊዜ ገደብ) አለው፦ መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁ 3 ዓመት። እሱ ሩቅ ስለሆነ ብዙ ሰው በእሱ ተዘናግቶ ነው የ15 ቀኑ የሚያመልጠው።

ውጭ ሆነው ሁሉን ለማስኬድ ለጠበቃ ወይም ለሚያምኑት ሰው ውክልና ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ያረጋግጡት፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ። ውክልናው «መክሰስ፣ መከሰስ፣ መታረቅ» የሚሉትን በግልጽ ይጥቀስ፤ መታረቅ ሳይጠቀስ ቀርቶ እርቅ ሲመጣ እንደገና ኤምባሲ የሄደ ሰው ብዙ ነው። አባትዎ በሕይወት ሳሉ ለወንድምዎ የሰጡት ውክልና ካለ ደግሞ ባረፉ ቀን አብቅቷል። ከዚያ በኋላ በእሱ የተሠራ ነገር ካለ ወዲያው ይያዝ። ዜግነት ቀይረው ከሆነ ለቤት ባለቤትነቱ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያዎን ያዘጋጁ።

ወንድምዎ በኑዛዜው የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥቶ ሊሆንም ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ወራሽ ሳይጠራ ይሰጣል። መደናገጥ የለም፤ ማስረጃው ወራሽ ነው ተብሎ እንዲገመት ያደርጋል እንጂ መብትን ቆርጦ አይወስንም፣ ጥቅም ያለው ሰው እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፤ በዚያ ማስረጃ ስም ካዞረና በቅን ልቦና ለገዛ ሦስተኛ ሰው ከሸጠ ቤቱን ማስመለስ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ስም እንዳይዛወር እግድ ማስወጣት ፊርማ ከማስመርመር በፊት ይመጣል።

ክሱ የሚጀመርበትም መንገድ ምርጫ አለው። እኔ ብሆን «ኑዛዜው ይሰረዝ» ብዬ ከመነሳት በፊት ውርሱ እንዲጣራ አመለክታለሁ። ፍርድ ቤቱ አጣሪ ይሾማል፤ አጣሪው ኑዛዜውን ያያል፣ የእናትዎን ግማሽ ይለያል፣ የቀብርና የሕክምና ወጪን፣ ዕዳን፣ የባንክ ሒሳቡን ይመዘግባል፣ ወራሾችን ይለያል። ሪፖርቱ የሁሉ ነገር መጨረሻ አይደለም፣ መቃወም ይቻላል። ሆኖም እህቶችዎ ያላወቁት ሒሳብ ወይም ወንድምዎ ከኪሱ የከፈለው ዕዳ የሚወጣው እዚያ ነው። ንግግር የሚጀመረውም ያኔ ነው።

እርቁን ከወዲሁ ያስቡበት። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ይመራሉ፤ በሽማግሌም ቢሆን ይቻላል። የማይቻለው በቃል ታርቆ መለያየት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚነካ ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ክስ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ መዝገቡ ላይ ይግባና እንደ ፍርድ ይፈጸም። በእናንተ ሁኔታ የሚሠራ የሚመስለኝ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ እናትዎ እስካሉ ቤቱ አይሸጥም፣ ወንድምዎ ይኖርበታል፤ የሦስታችሁ ድርሻ በገለልተኛ ገማች ዋጋ ይገመትና ወንድምዎ በየጊዜው ይከፍላል፣ ወይም ቤቱ ሲሸጥ ትወስዳላችሁ፤ ወላጆቻችሁን የጦረበት ዓመታትም በገንዘብ ይታሰብለት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ወንድምዎ ኑዛዜ ያስጻፈው ስለጓጓ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት፣ ሌሊት ሆስፒታል ያደረው ማን እንደነበር ራስዎን ይጠይቁ። ፊርማውን የምትጠራጠሩበት ተጨባጭ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ኑዛዜው በተጻፈበት ቀን አባትዎ ሆስፒታል ተኝተው ከነበረ፣ ያኔ ፎረንሲክ ይጠየቅ። «እጁ አይመስልም» ብቻ ግን አይበቃም።

ከገጠር የተወረሰ የእርሻ መሬትም አለ ካላችሁ ሕጉ ሌላ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ አይመለስም፣ ለብቻው ይጠይቁኝ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁና ሁሉም ተከራካሪ ከፈቀደ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ያዩታል።

ወደ ራስዎ ጉዳይ ልምጣ። ትረስት፣ ማለትም ንብረትን ለሌላ ሰው ጥቅም በባለአደራ ስም ማስቀመጥ፣ አሜሪካ ውስጥ ላለዎት ንብረት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሲሞቱ ንብረቱ በፍርድ ቤት ማጣራት ሳያልፍ ለልጆች ይደርሳል። የሚሠራው ግን ወደ ትረስቱ ስም ለዞረ ንብረት ብቻ ነው። ሰዎች ለጠበቃ ከፍለው የሚያምር ማኅደር ይዘው ይወጣሉ፣ የቤቱ ዲድ (የባለቤትነት ሰነዱ) ግን በራሳቸው ስም እንዳለ ይቀራል። ትረስቱ ባዶ ነው። የጡረታ ሒሳብና የሕይወት መድን ደግሞ ኑዛዜንም ትረስትንም አይጠብቁም፤ ፎርሙ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ ለተጻፈው ሰው ነው የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት የተፋታች ሚስት በፍቺው ስምምነት መብቷን ትታ ሳለ፣ ፎርሙ ላይ ስሟ ስላልተቀየረ የሟቹ የቁጠባ ገንዘብ ለእሷ መከፈሉ ልክ ነው ብሏል። ዛሬ ማታ ፎርሞችዎን ይመልከቱ።

አዲስ አበባ ያለዎትን ግን በሜሪላንድ ትረስት አይሞክሩት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 516 ጀምሮ ትረስትን ያውቃል፤ ለመኖሪያ ቤት ሲያውሉት ግን አይቼ አላውቅም፣ የይዞታ መሥሪያ ቤቱም አያውቅልዎትም። እዚህ ላለው ንብረት እዚህ፣ ቢቻል ውልና ማስረጃ ቀርበው፣ የአማርኛ ኑዛዜ ያድርጉ፤ እዚያ ላለው እዚያ። አንድ ወጥመድ አለ፦ የአሜሪካ ኑዛዜ ሁሉ ማለት ይቻላል «ከዚህ በፊት ያደረግኋቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» በሚል ይጀምራል። ያ ዓረፍተ ነገር የአዲስ አበባውን ኑዛዜዎን አብሮ ሊሽረው ይችላል። ሁለቱም ሰነዶች የየትኛውን አገር ንብረት እንደሚመለከቱ በግልጽ ይናገሩ። ከባለቤትዎ ጋር በአንድ ወረቀት አይናዘዙ፤ እኛ ዘንድ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ያደረገው ኑዛዜ ፈራሽ ነው። በእጅዎ ከጻፉ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያስቀምጡት፤ አለዚያ ዋጋ ያጣል። ምስክር ከወራሾች ወገን አይሁን፣ ውርስ አጣሪዎን ከልጆችዎ ውጭ ይሹሙ። አንዱን አብልጠው የሚሰጡ ከሆነ ምክንያቱን ይጻፉ፣ በሕይወት ሳሉም ለሌሎቹ ይንገሯቸው። ልጆችን የሚያካስሳቸው ድርሻቸው ከማነሱ ይልቅ ወላጅ ሲሞት ነገሩን በሰው አፍ መስማታቸው ነው።

በመጨረሻ እናትዎ። አሁን የቤቱን ግማሽ የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ኀዘን ላይ ናቸው፣ የሚኖሩትም ከወንድምዎ ጋር ነው። ማጣራቱ እስኪጀመርና የራሳቸው አማካሪ እስኪያገኙ ድረስ በማንኛውም ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ፣ አሻራም እንዳያደርጉ በስልክ ይንገሯቸው፤ ውክልናም ይሁን ስጦታ፣ «ለመብራት ቆጣሪው ነው» ቢባሉም። ይህን የሚነግሯቸው ወንድምዎ እየሰማ ቢሆን ይሻላል።